ከማረማችን በፊት እናንብብ
ሐዋሳ ላይ ለዩኒቨርሲቲ የጽሑፍ ክህሎት መምህራን የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ሁላችንም ከምናውቀው ነገር፣ ከተማሪው ወረቀትና ከቀዩ እስክሪብቶ ልጀምር። ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ ማየት የተሳነው ተማሪ ነበረኝ። ድርሰቱን እየተናገረ በጓደኛው እጅ አስጽፎ አስረከበኝ፤ እኔም ኅዳጉን ሁሉ በቀይ ቀለም አስተያየት ሞልቼ መለስኩለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንነጋገር ካሰፈርኩት አስተያየት አንዱም እንዳልደረሰው ተረዳሁ፤ ጓደኛው ያነበበለት ውጤቱን ብቻ ነበር። ተማሪው አልወቀሰኝም። የማርመው ለማን እንደሆነ ራሴን የጠየቅሁት ግን ያን ቀን ነው።

ዛሬ ላቀርብላችሁ የምፈልገው ሐሳብ ከዚያ ጥያቄ የመጣ ነው። በጽሑፍ ክፍል ውስጥ አካቶ ትምህርት፣ ማለትም ማንንም ተማሪ የማያገል ትምህርት፣ የሚጀምረው፣ ተማሪው ምን ሊል እንደፈለገ ከስህተቱ አስቀድመን ስናነብ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በር ሲከፍት፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ወስኗል። በዚህ የተነሣ እዚህ ሐዋሳ በአንድ ክፍል ውስጥ ፊደል የቆጠሩት በሲዳሙ አፎ፣ በወላይትኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሆኑ ወጣቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት እንግሊዝኛ እንዲጽፉ እንጠብቃለን። በሲዳሙ አፎ የተማረው የላቲን ፊደል ስለለመደ ይቀለዋል የሚል ግምት ደጋግሜ እሰማለሁ። ሆኖም በሲዳሙ አፎ አጻጻፍ «ኤክስ» የምንለው ፊደል የ«ጥ»ን፣ «ሲ» የምንለው ደግሞ የ«ጭ»ን ድምፅ ይወክላል፤ ተነባቢ ሲጠብቅ፣ አናባቢም ሲረዝም ፊደሉ ይደገማል። ልጁ በሚገባ የተማረውን ይህን ሥርዓት ይዞ ሲመጣ «ስፔሊንግ አይችልም» ብለን እንደመድማለን።

በአማርኛ የተማረውም የራሱ መንገድ አለው። «ምንም እንኳ ዝናቡ ቢዘገይም ገበሬው ግን ማሳውን አረሰ» ብሎ መጻፍ በአማርኛ ምንም እንከን የለበትም። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ወደ እንግሊዝኛ ሲወስደው በ«ኦልዞው» ይጀምርና መካከል ላይ «በት» ያስገባል። ይህ በእንግሊዝኛ ስህተት ነው፣ መታረምም አለበት። ሁለቱን ቋንቋዎች ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፎ «የእኛ ‹ግን› እዚህ ቦታ የለውም» ብሎ ማሳየት ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ምክንያቱ ያልተነገረው ተማሪ ግን ያንኑ ቀይ መስመር እስከሚመረቅ ድረስ ሲቀበል ይኖራል።

ይህን ቀድመው ያዩ አሉ። የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1970 በሩን ለብዙዎች ሲከፍት፣ በሲቲ ኮሌጅ ታስተምር የነበረችው ሚና ሾኔሲ አዲስ ገቢዎች የጻፏቸውን 4,000 ያህል ወረቀቶች መርምራ ስህተቶቹ የራሳቸው አመክንዮ እንዳላቸው አሳይታለች። የእኛም ተማሪዎች ወረቀት እንዲህ ያለ ትዕግሥት ይገባዋል።

መስማት የተሳናቸውን ተማሪዎች በተመለከተ ከዚህም የጠለቀ ማስተዋል ይጠበቅብናል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው። በእርሱ የሚያስብ ተማሪ በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ፣ ድምፁን ሰምቶት በማያውቀው ቋንቋ እየጻፈ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ተቆራርጦ ስናገኘው ሐሳቡም የተቆራረጠ ይመስለናል፤ አስተርጓሚ ባለበት ስለ ጽሑፉ ስናወያየው ግን ሙሉ ክርክር ይዞ እናገኘዋለን። እኔ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ባየሁ ቁጥርም ቀድሞ የሰጠሁት ውጤት ያሳስበኛል።

ይህ ሁሉ ደረጃ ማውረድ ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ ስጋታቸውን አከብራለሁ። እኔ የምለው የመጨረሻው ጽሑፍ በዚያው መመዘኛ ይለካ፣ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ግን ይስፋ ነው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ጊዜ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄም፣ እያንዳንዱን ስህተት ለማስመር የምናጠፋውን ሰዓት ለመጀመሪያው ረቂቅ ሐሳብ ብናውለው አብዛኛው ይካካሳል።

ስለዚህ በመጪው ሴሚስተር ሦስት ነገሮችን አብረን እንድንሞክር እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ ውጤት አይሰጥበት፤ ተማሪው ከፈለገ በሚያስብበት ቋንቋ ይጀምረው። አስተያየታችንን በሶፍት ኮፒ እንስጥ፤ ማየት የተሳነው ተማሪ ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም (በስክሪን ሪደር) ራሱ እንዲያዳምጠው፣ ለእርማቱ የማንንም ዓይን እንዳይለምን። ክፍል ውስጥ በሰዓት ተገድቦ የሚጻፈው ድርሰትም በብሬል ለሚጽፉና በምልክት ቋንቋ ለሚያስቡ ተማሪዎች ተጨማሪ ጊዜ ይኑረው፤ ይህም በመምህሩ በጎ ፈቃድ ላይ እንዳይንጠለጠል በኮርስ አውትላይኑ ላይ ይጻፍ። የእኔን ኮርስ አውትላይን በዚህ መልክ አዘጋጅቼ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከሻይ ዕረፍቱ በኋላ አብረን እንድናየውና እንድትተቹት በአክብሮት እጋብዛችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።