ዘግይቶ የሚመልስ ቁስ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በተለይ ደግሞ ዘንድሮ ላቦራቶሪ የገባችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

በማስቲካ ልጀምር። ያኘካችሁትን ማስቲካ በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። እንደ ክር እየቀጠነ ይረዝማል። አሁን ደግሞ በአንዴ መንጭቁት። ብጥስ ይላል። ማስቲካው ያው ነው፤ የተለወጠው የእጃችሁ ፍጥነት ነው። እያኘካችሁት ቀዝቃዛ ውሃ ብትጎነጩበት ደግሞ ድርቅ ይላል። ፍጥነትና ሙቀት። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ አይወጣም።

ስፕሪንግ ስትስቡ ያወጣችሁትን ጉልበት ይዞ ያቆይና ስትለቁት ይመልስላችኋል። ማር ስታማስሉ ግን ጉልበታችሁ ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀራል። ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ ማጣበቂያ፣ የሰው ጅማት ሳይቀር በሁለቱ መሃል ናቸው። ከፊሉን ይመልሳሉ፣ ከፊሉን ያስቀራሉ። ይህን ጠባይ ቪስኮኢላስቲክ እንለዋለን። ምን ያህሉን እንደሚመልሱ፣ ምን ያህሉን እንደሚያስቀሩ የምንለካበት ማሽን ደግሞ ዲኤምኤ ነው፤ ዳይናሚክ ሜካኒካል አናላይዘር።

ማሽኑ የሚሠራው ነገር ሲያዩት ቀላል ነው። ትንሽ ናሙና ክላምፑ ላይ፣ ማለትም መያዣው ላይ፣ ታስራላችሁ። ማሽኑ በማይክሮሜትር በሚቆጠር ርቀት ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘዋል፤ ብዙ ጊዜ በሰከንድ አንዴ፣ ማለትም በ1 ሄርትዝ። ጉልበቱንና እንቅስቃሴውን አብሮ ይመዘግባል። ቁሱ ፍጹም ስፕሪንግ ቢሆን ሁለቱ ሞገዶች እኩል ይወጣሉ፣ እኩል ይወርዳሉ። ፍጹም ፈሳሽ ቢሆን እንቅስቃሴው ከጉልበቱ በ90 ዲግሪ ወደኋላ ይቀራል። የእኛ ቁሶች በ0 እና በ90 መሃል ናቸው። ይህች መዘግየት ዴልታ ትባላለች። ከእሷ ተነስተን ሁለት ሞዱለስ፣ ማለትም የቁሱን ግትርነት የሚለኩ ሁለት ቁጥሮች፣ እናወጣለን፤ ተጠራቅሞ የሚመለሰውን የሚያሳየው ስቶሬጅ ሞዱለስ፣ ሙቀት ሆኖ የሚጠፋውን የሚያሳየው ሎስ ሞዱለስ። ሁለተኛውን ለአንደኛው ስታካፍሉት ታን ዴልታን ታገኛላችሁ።

መጥፋቱ ሁልጊዜ መጥፎ እንዳይመስላችሁ። የመኪና ጎማ የሚሠሩ ሰዎች 0 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ታን ዴልታው ከፍ እንዲል ይፈልጋሉ፤ እርጥብ መንገድ ላይ ጎማው ቆንጥጦ የሚይዘው ያኔ ነው። 60 ዲግሪ አካባቢ ግን ዝቅ እንዲል ይፈልጋሉ፤ ነዳጁ በከንቱ ሙቀት ሆኖ እንዳይቀር። አንድ ጎማ፣ ሁለት ተቃራኒ ፍላጎት። እኔ ይህን ግራፍ ባየሁ ቁጥር ይደንቀኛል።

አሁን ፖሊስታይሪን የሚባለውን ፕላስቲክ ውሰዱ። ሙቀቱን በደቂቃ 2 ወይም 3 ዲግሪ እየጨመራችሁ ተከታተሉት። ስቶሬጅ ሞዱለሱ ለረጅም ጊዜ በጊጋፓስካል፣ ማለትም በቢሊዮን ፓስካል፣ ደረጃ ላይ ብዙም ሳይነቃነቅ ይቆያል። 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ግን ገደል እንደገባ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሺህ እጥፍና ከዚያ በላይ። እንደ መስታወት የሚሰበረው ነገር እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ግላስ ትራንዚሽን የምንለው ይህን ነው።

ታዲያ ይህ ሽግግር በስንት ዲግሪ ነው የሆነው? እዚህ ላይ ነው ልለምናችሁ የምፈልገው። አንዱ ሞዱለሱ መውረድ የጀመረበትን ያነባል። ሌላው የሎስ ሞዱለሱን ጫፍ። ሌላው ደግሞ የታን ዴልታን ጫፍ። ከአንድ ናሙና፣ በአንድ ሙከራ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ንባብ በ10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊራራቁ ይችላሉ። የውዝወዛውን ፍጥነት 10 እጥፍ ብታሳድጉት ደግሞ ሽግግሩ ጥቂት ዲግሪ ወደ ላይ ይሸሻል። ዊሊያምስ፣ ላንደልና ፌሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1955 ጊዜና ሙቀት እንዴት እንደሚተካኩ በቀመር ያሳዩት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሪፖርት ላይ ቁጥሩን ብቻ አትጻፉ። በስንት ሄርትዝ፣ በደቂቃ በስንት ዲግሪ፣ በየትኛው ክላምፕ፣ ከየትኛው ጫፍ። ይህ ካልተጻፈ ያ ቁጥር ለሌላ ሰው ምንም አይነግረውም።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨቀጭቃችሁ ልንገራችሁ። በጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር በተነሳች በ73 ሰከንድ ውስጥ ሰማይ ላይ ተበታተነች። 7 ጠፈርተኞች ሞቱ። ጠዋቱ ብርድ ነበር፤ ስትነሳ 2 ዲግሪ ገደማ። የሮኬቱን መጋጠሚያ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት ክፍተቱ ሲሰፋ ተከትሎ መስፋት ነበረበት። ቀዝቅዞ ስለነበር ዘገየ። በኋላ የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን በመርማሪ ኮሚሽኑ ፊት ከዚያው ጎማ ቁራጭ በትንሽ ማሰሪያ ጨምቆ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ነከረው። አውጥቶ ማሰሪያውን ሲፈታው ጎማው ለጥቂት ሰከንዶች እንደተጨመቀ ቀረ። ወደ ቦታው አልተመለሰም። ያ መዘግየት ነው እኛ ዴልታ ብለን የምንለካው።

የራሴንም ልጨምር። አንድ ጊዜ የኢፖክሲ ናሙና ለካሁና ሞዱለሱ ከጠበቅኩት በሲሶ በልጦ መጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ቁሱን ጠረጠርኩ፣ አሠራሩን ጠረጠርኩ። ለካ ውፍረቱን የለካሁት ጫፉ ላይ ብቻ ነበር፤ 2 ሚሊሜትር። መሃሉ 2.2 ነበር። ናሙና ሲታጠፍ ግትርነቱ በውፍረቱ ኩብ ነው የሚያድገው። 10 በመቶ ስህተት 33 በመቶ ሆኖ ወጣ። ማሽኑ ምንም አላጠፋም፤ የነገርኩትን ነው ያሰላው። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ አምስት ቦታ ሳልለካ ናሙና አላስርም።

ሌላም አለ። ዋናውን ሙከራ ከመጀመራችሁ በፊት የውዝወዛውን ርቀት ከትንሽ ወደ ትልቅ እየጨመራችሁ ሞዱለሱ መቀየር የሚጀምርበትን ፈልጉ፤ ሥራችሁ ከዚያ በታች ይሁን። ናይለን ከሆነ ደግሞ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱም ያለሰልሰዋል። ስለዚህ ደረቅ ይሁን እርጥብ ጻፉ።

ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ጋ እንገናኛለን። ለሁላችሁም ከአንድ ሰሌዳ የተቆረጠ ናሙና ይሰጣችኋል፤ እያንዳንዳችሁ በተለያየ ፍጥነት ትለካላችሁ፣ ከዚያ ግራፎቹን ጎን ለጎን እንለጥፋቸዋለን። ውፍረት የምትለኩበትን መሣሪያ፣ ማይክሮሜትር፣ ይዛችሁ ኑ።

አመሰግናለሁ።