ልጁ ሰነፍ ነው ወይስ ደሙ አንሷል? ሻይ፣ ብረትና የወሎ ማዕድ

[ምስል፦ ደሴ፣ ማለዳ። ጠረጴዛ ላይ የሚጨስ ሻይና ዳቦ፤ አጠገቡ የትምህርት ቤት ቦርሳ።]

ልጁ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ትናንት የለየው ፊደል ዛሬ ይጠፋዋል። በሆነው ባልሆነው ይነጫነጫል፣ ጥቂት ሮጦ ይደክመዋል፣ ጓሮ ሲገባ አፈር ይልሳል። ቤተሰቡ «ሰነፍ»፣ «ዓመለኛ» ይለዋል። ከቁጣው በፊት ግን የዓይኑን ቆብ ወደ ታች ገልጦ ውስጡን፣ ቀጥሎም መዳፉን ማየት ነው። ከገረጣ ነገሩ የብረት እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ጤና ጣቢያ «አይረን» የሚሉት።

ብረት ደምን ቀይ የሚያደርገው ሄሞግሎቢን የሚሠራበት ማዕድን ነው። አንጎልም ይፈልገዋል፤ ለትኩረትና ለስሜት የሚያስፈልገው ዶፓሚን የሚዘጋጀው፣ ነርቭም ሽፋኑን የሚያለብሰው በብረት እገዛ ነው። ስለዚህ የልጁ ጠባይ የሚለወጠው አንዳንዴ ደም ማነሱ ገና በምርመራ ሳይታይ ነው።

[ምስል፦ የሱቅ መደርደሪያ፤ ከረሜላና ባለቀለም ለስላሳ።]

ብዙ ወላጅ ልጁ ሲቅበጠበጥ የሚከሰው ስኳርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ፣ 23 ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመረ ጥናት ግን ስኳር የልጆችን ጠባይ እንደሚለውጥ የሚያሳይ ውጤት አላገኘም። ስኳር ጥርስ ያበላሻል፣ ከምግብ በፊት ሆድ ሞልቶ ምሳውን ያስተዋል፤ ክሱ እዚህ ላይ ይጸናል። ቀለሙ ይልቅ ይጠርጠር። እ.ኤ.አ. በ2007 እንግሊዝ አገር የተሠራ ሙከራ አንዳንድ ሰው ሠራሽ የምግብ ቀለሞች ሶዲየም ቤንዞኤት ከሚባለው የምግብ ማቆያ ጋር ሲሰጡ የአንዳንድ ልጆችን መቅበጥበጥ በመጠኑ እንደሚጨምሩ አሳይቷል። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2010 ጀምሮ ስድስት ቀለሞች ያሉበት ምግብ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አዟል።

አሁን ወደ ሻዩ።

ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት አንጀት ውስጥ ይይዘዋል፤ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ሻይ ወደ ደም የሚገባውን ብረት ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። ቡናም ያው ነው፣ መጠኑ ቢያንስም። «በረካው ቀጭን ነው፣ ልጅ አይጎዳም» ይባላል። ቀጭን ቢሆንም ለልጅ ምኑም አያስፈልግም። ሻይ ካልቀረ ከምግቡ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቅ። ለቁርስ በምትኩ ወተት፣ አጥሚት ወይም ውሃ ይሁን።

«ጤፍ እየበላ ብረት እንዴት ያንሰዋል?» የሚል ይኖራል። ጤፍ ሲለካ የሚገኘው ብረት ብዙ ነው፤ ጥቂት የማይባለው ግን አውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነውና ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። በተፈጥሮው ያለውን ብረት ደግሞ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ይዞታል። ይህን ማሰሪያ የሚፈታው እርሾው ነው። ሁለት ሦስት ቀን በደንብ የቦካ እንጀራ ከቂጣና ከአፍለኛ የሚበልጠው ለዚህ ነው። ሁለተኛው መፍቻ ቫይታሚን ሲ ነው፦ ምስሩ ወይም ሽሮው ከእሳት ከወረደ በኋላ ግማሽ ሎሚ ይጨመቅበት፣ ወይም ከቆላው የሚመጣ ፓፓያና ብርቱካን አብሮ ይቅረብ። ሎሚው አብሮ ከተንተከተከ ግን ቫይታሚኑ በሙቀት ይጠፋል።

በቀላሉ ወደ ደም የሚገባው ብረት ሥጋ ውስጥ ያለው ነው። በግ ሲታረድ ጉበቱ ለእንግዳ ከመቅረቡ በፊት የልጁ ድርሻ ይነሣለት፤ በደንብ በስሎ፣ ደቆ፣ በሳምንት አንዴ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃዋል። ፈሳሽ የቋጠረ ወይም ትል ያለበት ጉበት ይቀበር፤ ለውሻ አይጣል፣ በሽታው በውሻ ዞሮ ወደ ልጁ ይመለሳልና።

[ምስል፦ ሰፌድ ላይ ገብስና ምስር፣ በኩባያ ሲለካ።]

ከስድስት ወር በላይ ላለ ሕፃን የገንፎ ምጥን፦ 3 ኩባያ ገብስ ወይም ነጭ ማሽላ፣ 1 ኩባያ ምስር ወይም ሽምብራ። ቀዩ ማሽላ ታኒን ይበዛበታል። ጥራጥሬው ተነክሮ ይደር፣ ውሃው ይደፋ፣ ይድረቅ፣ ሳያር ይታመስ፣ ተከክቶ ከእህሉ ጋር ይፈጭ። ጓያ ግን በፍጹም አይግባ። ሰብል በጠፋባቸው ዓመታት ጓያ ዋና ምግብ ሆኖ ለወራት ሲበላ እግር እንደሚያሽመደምድ የወሎ ደጋ ያውቃል።

ማንኪያ ሲዘነበል ወዲያው የሚፈስ ገንፎ ሆድ ይሞላል እንጂ አይመግብም። ወፍራሙ ደግሞ ሕፃኑን ያንቀዋል። መላው ለጠላ የሚበቅለው የገብስ ብቅል ነው። ገንፎው ወፍሮ ይሠራ፣ ወርዶ ትንሽ ይብረድ፣ ለአንድ ኩባያ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ገብቶበት ይማሰል። ደቂቃዎች ሳይቆይ ይቀጥናል፣ ዱቄቱ ግን አልቀነሰም። የሚፈላ ገንፎ ላይ ከተጨመረ ሙቀቱ የብቅሉን ኃይል ይገድለዋልና አይሠራም። ከቀጠነ በኋላ ዱቄቱ ጥሬ ስለሆነ አንዴ ይንተክተክ። የሻገተ ብቅል ይጣል።

ከ6 እስከ 8 ወር በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከሁለት ሦስት ማንኪያ ተጀምሮ እስከ ግማሽ ኩባያ፤ ከ9 ወር ጀምሮ 3 ወይም 4 ጊዜ። ጡቱ አይቋረጥም። በጾም ወራት የሚቸግረው ብዙ ጊዜ ድስት ነው፤ ዕቃ እንዳይነካካ ተብሎ እንቁላሉና ወተቱ ይቀራል። ለሕፃኑ የራሱ ትንሽ ድስትና ማንኪያ ይለይለት።

ጨው፦ አዮዲን ያለው ይገዛ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር። አዮዲን ሲያንስ እንቅርት ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ የመማር ችሎታም ይጎዳል።

[ምስል፦ የጤና ባለሙያ ከልጅ ጣት ደም ሲወስድ።]

አፈር የሚልስ ልጅ የሆድ ትልም ይመርመር። የደም ውጤት ሲነበብ ከፍታው ይታሰብ፦ ከ5 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ ደም አነሰ የሚባልበት የሄሞግሎቢን ድንበር በዴሲሊትር 11.5 ግራም ነው፣ ግን ይህ ለባሕር ወለል የተቀመጠ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ይሠራል፣ ድንበሩም ከ1 ግራም በላይ ከፍ ይላል። ስለዚህ 12 የሆነ ውጤት ደሴ ላይ «ደህና ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ ባለሙያው ከፍታውን አስልቶ እንደሆነ ይጠየቅ።

ኪኒን ያለ ምርመራ ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ ለልጅ አይሰጥ። እናት ለእርግዝና የተሰጣት የብረት ኪኒንም ከረሜላ መስሎት ሕፃን ከዋጠው ይመርዘዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጥ።