ሽማግሌዎቹን ነው ወይስ ልጅቷን?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ሰሞኑን ላየኋቸው ሦስት ፊልሞች ነጥብ እሰጣለሁ ብዬ ነበር፤ እሰጣለሁም። ይሁን እንጂ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ያለኝ ሐሳብ ገና ስላልረጋልኝ፣ ሁለቱን ቶሎ ቶሎ ብዬ ወደ እርሱ ባልፍ እንደማትቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለአምስቱ ወዳጃችን ይህን ሲሰማ መሳቁ አይቀርም፤ ለእርሱ ማንኛውም ፊልም ከአሥር አምስት ስለሆነ ነጥብ አስጨንቆት አያውቅም።

የመጀመሪያው የጄሲካ በሺር «ፋያ ዳዪ» ነው፤ ስምንት ተኩል። አዎን፣ ተኩሏ ተመልሳ መጥታለች። ልጅነቷን ያሳለፈችባትን ሐረርንና አካባቢዋን ለዓመታት እየተመላለሰች የቀረጸችው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ለእይታ የበቃ፣ ጥቁርና ነጭ ዘጋቢ ፊልም ነው። ጫት ሳይጠወልግ ገበያ መድረስ ስላለበት ሠራተኞቹ ፋታ የላቸውም፤ ፊልሙ ራሱ ግን አይቸኩልም፤ ጢሱንና ጉሙን እያሳየ፣ የሱፊዎችን አፈ ታሪክ እያስተረከ፣ ለመሰደድ የሚያስቡ ልጆችን ሹክሹክታ እያሰማ ሁለት ሰዓት ያህል ይሄዳል። ቅጠሉን የሚያስሩትን እጆች የሚያሳየው ክፍል ለብቻው አሥር ይገባዋል። መሐል ላይ ግን ሰዓቴን ማየቴን አልደብቃችሁም፤ ስለዚህ ከዚያ በላይ አይሆንም።

ሁለተኛው የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው፤ ዘጠኝ። እ.ኤ.አ. በ1974፣ የዘውዱ ሥርዓት በሚፈርስበት ወቅት፣ በሙያው ያልሠለጠኑ ገበሬዎችን ይዞ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ነው። እብድ የሚባለው ከበበ አፉን በከፈተ ቁጥር ስልኬን አስቀምጬ ሰምቼዋለሁ፤ ይህ ለእኔ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ፊልም ራሱን የቻለ ክፍል ስለምሠራ ዛሬ እዚህ ላይ ይብቃኝ።

ሦስተኛው «ድፍረት» ነው። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም መሆኑንም ታሪኩንም ታውቁታላችሁ፤ የአሥራ አራት ዓመቷ ሒሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፣ ጠላፊዋን በገዛ ጠመንጃው ገድላ ታመልጣለች፣ ጠበቃዋ መዓዛም ከሕጉ ጋር ትያያዛለች። በፊት ባየሁት ጊዜ ሰባት ሰጥቼው ነበር። ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩትም እንዲህ ይላል፦ «የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ረዝሟል፤ ባህሉን ለማያውቅ ሰው የተዘጋጀ ማስረጃ ይመስላል፤ አንድ ነጥብ ቀንሺ።» አሁንም ረዝሟል ባይ ነኝ፤ ይህንን ደግሞ ዛሬ የምለው ሁሉ ተሰምቶ ሲያበቃ የከዳሁት እንዳይመስላችሁ አስቀድሜ ልናገር ብዬ ነው።

ባለፈው እሑድ አክስቴ ከደጀን መጥተው እኔ ዘንድ ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል፤ እርሳቸው ምስር በሰፌድ ይዘው ይለቅማሉ፤ እኔ ፊልሙን የከፈትኩት ለዚህ ዝግጅት ደግሜ ላየው እንጂ ለእርሳቸው ብዬ አልነበረም። የጠለፋው ክፍል ሲመጣ ልዘለው ፈልጌ እጄን ወደ ሪሞቱ ሰድጄ ነበር፤ እርሳቸው ግን ቀና ብለው አይተው ወደ ምስራቸው ተመለሱ። እስር ቤቱም፣ ፖሊሶቹም፣ ጠበቃዋ የምትሟገትበትም አለፈ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። ሸንጎው ሲመጣ፣ ማለትም ወንዶቹ ተሰብስበው ተራ በተራ እየተነሡ መናገር ሲጀምሩ፣ ሰፌዱን ወደ ጎን አደረጉት። ሲያልቅ «መልሺው እስኪ» አሉኝ። መለስኩት። አሁንም ሲያልቅ «መልሺው» አሉኝ፤ በመጨረሻም ድምፁን እንድቀንሰው ጠየቁኝ። እኔ አንድ ነጥብ የቀነስኩበትን ክፍል እርሳቸው ያለ ድምፅ እየደጋገሙ ያያሉ ማለት ነው።

ይህን በሲኒማ ቤት ብናየው ኖሮ «መልሺው» የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። አምፒር ወይም ሲኒማ ኢትዮጵያ ቁጭ ብላችሁ ቢሆን ፊልሙ እናንተን ሳይጠይቅ ያልፋል፤ ቢበዛ ያ ባለስልኩ ሰውዬ ከፊት ለፊት «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አይሰማም» ሲል ልታመልጣችሁ የምትችል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትኖራለች። ነጥብ መስጠትም የለመድኩት በዚያ መንገድ ይመስለኛል፤ አንዴ አልፎ የሄደን ነገር፣ ፈንዲሻው እጄ ላይ እንዳለ፣ መብራቱ ሲበራ በቁጥር መዝጋት። ሪሞት የያዘ ተመልካች ግን ሌላ ዓይነት ተመልካች ነው። ወይም ደግሞ አክስቴ ናቸው ሌላ ዓይነት፤ ይህን ለመለየት ሌላ ሰው ማስቀመጥ ሊኖርብኝ ነው፣ ባለአምስቱን ግን አላስቀምጠውም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ድምፁ እንደተቀነሰ «ሴቶቹ ከወዴት ሆነው ነው የሚሰሙት?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም እንደ ልማዴ መምህር ሆኜ፣ «እትዬ፣ ሴቶች በዚያ ሸንጎ አይቀመጡም እኮ፤ ፊልሙ የሚነቅፈውም ይህንኑ ነው» አልኳቸው። እርሳቸውም፣ «አለመቀመጣቸውንማ አውቃለሁ፤ የምጠይቅሽ ከወዴት ሆነው እንደሚሰሙ ነው። እኛ ከበረቱ ጀርባ ሆነን ነበር» አሉና ሰፌዱን አነሡ። እኛ ማን እንደሆነ፣ ሸንጎው የማን እንደነበረ፣ ምን እንደተፈረደ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሦስተኛው ቡና ቀረበ፤ ፊልሙም አለቀ። ዝምታው ሲከብደኝ ለእናንተ የማደርገውን አደረግሁና «ከአሥር ስንት ይሰጡታል?» አልኳቸው። ምስሩን እያበጠሩ «ሽማግሌዎቹን ነው ወይስ ልጅቷን?» አሉኝ።

ስቄ ነበር። እርሳቸውም ስቀው ነበር፤ ቢያንስ የሳቁ መስሎኛል። ማታ ግን ሳስበው ሳቁ ጠፋብኝ። ጥያቄው ሞኝነት እንዳይመስላችሁ፤ አክስቴ ፊልምና እውነት የማይለዩ ሰው አይደሉም፤ የቱርክ ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ሲተረጎም ከንፈሩ ከድምፁ ጋር አለመገጣጠሙን ከእኔ ቀድመው የሚያዩ ሰው ናቸው። ስለዚህ አውቀው ነው የጠየቁኝ። እኔ ነጥብ የምሰጠው ለማን ነው? ለዳይሬክተሩ ነው፣ ለካሜራው ነው፣ መዓዛን ሆና ለተጫወተችው ለሜሮን ጌትነት ነው፣ ወይስ ለዚያች ልጅ ብርታት ነው? ሰባቱን ስሰጥ ለየትኛው እንደሰጠሁ አሁን ብትጠይቁኝ አንድ መልስ የለኝም። አራት ግማሽ መልሶች አሉኝ።

ፊልሙ ጥር 2006 ዓ.ም. በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል የተመልካች ሽልማት አግኝቷል፤ በወሩ በበርሊን ፊልም ፌስቲቫልም በፓኖራማ ዘርፍ ተመልካቾች መርጠውታል። በዚያው ዓመት ማብቂያ፣ ነሐሴ ላይ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሊመረቅ ሰዓቱ ደርሶ ሳለ ማሳያው በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ ታሪኩ ከሕይወቷ የተወሰደው ሴት ተቃውማ ነበርና። በኋላ ፊልሙ ታይቷል፤ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። የሚከነክነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት የማያውቋት አዳራሾች አጨበጨቡላት፣ በነገሩ ያለፈችው ሴት ግን «ቆይ» አለች። በዚህ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ስናገረው ግን በማን እንደተናደድኩ በትክክል አላውቅም፤ ምክንያቱም ፊልሙ ባይሠራ ኖሮ አክስቴ «እኛ ከበረቱ ጀርባ» ማለታቸው ራሱ ባልኖረ ነበር። ስለዚህ ተዉት፤ ቁጣዬን መልሼ ወስጃለሁ።

ሕጉን እንኳ ብናነሣ፣ በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ካገባት ከቅጣት ይድን ነበር፤ ይህ የቀረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። አክስቴ በዚያ በረት ጀርባ ሲቆሙ ከተማውም ሸንጎውም በዚህ ነገር ያን ያህል አልተራራቁም ነበር ማለት ነው። ፊልሙ ሸንጎውን በአንድ በኩል፣ ችሎቱን በሌላ በኩል አድርጎ ሲያቆማቸው እኔ ደስ ብሎኝ ከጠበቃዋ ጎን ተሰልፌ ነበር፤ አሁንም ተሰልፌአለሁ። ነገር ግን በዚያ የሸንጎ ክፍል ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ ከተቀመጡት ወንዶች ጋር ስለሆነ፣ አክስቴ ይፈልጉት የነበረው ከካሜራው ውጭ የቆመ ሰው ይሆን እላለሁ። ያለ ድምፅ ያዩትም ለዚያ ይሆናል፤ ወይም ንግግሩን አስቀድመው ስለሚያውቁት ይሆናል፤ ወይም ደግሞ የእኔ ቴሌቪዥን ድምፁ በዝቶባቸው ይሆናል፣ እኔ ነኝ ይህን ሁሉ የምፈትለው።

እንግዲህ ነጥብ ካላችሁኝ፣ «ድፍረት» ሰባት ላይ ይቆይ፤ ስምንት ብሰጠው አክስቴን ለማስደሰት ይሆንብኛል፣ እርሳቸው ደግሞ ስምንትም ሰባትም አላሉኝም። ሰባትና ጥያቄ ምልክት ብዬ መዝግቤዋለሁ።

ለሚቀጥለው ሳምንት የኃይሌ ገሪማን ፊልም «ጤዛ»ን ቃል ገብቼላችኋለሁ፤ አክስቴ እስከ ሚካኤል እዚሁ ስለሆኑ ከእርሳቸው ጋር ልየው ወይስ ሲሄዱ ብቻዬን ልየው የሚለውን ግን እስካሁን አልቆረጥኩም። ፊልሙ ውስጥ ወጣቶች ለጦርነት እንዳይታፈሱ የሚደበቁበት ክፍል አለ፤ የእርሳቸው ታናሽ ወንድም ደግሞ በዚያ ዘመን፣ የጋሼን ነገር እናንተም ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ እዚያም ላይ ሰፌዱን ወደ ጎን ቢያደርጉት እኔ ሪሞቱን...