ደራሲው ማን ናቸው? በፍንጭ የሚፈታ የክላሲካል ሙዚቃ እንቆቅልሽ

[ምስል፦ ከጦሳ ተራራ ሥር የተዘረጋችው ደሴ፤ ቡና የቀረበበት ሳሎን፤ ጥቂት የሙዚቃ ወዳጆች]

ተራኪ፦ የጨዋታው ሕግ አጭር ነው። ከሙዚቃ ወዳጆቹ አንዱ የአንድ ክላሲካል የሙዚቃ ደራሲ ስም በልቡ ይይዛል፤ ፍንጭ በፍንጭ እየጨመረ ሲሰጥ ሌሎቹ ማንነታቸውን ለማወቅ ይሞክራሉ። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እያለ፣ መልሱ ሲጠፋውም አገር እየሰጠ ላደገ የወሎ ልጅ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ከመገመቱ ይልቅ የሚከብደው ጥሩ ፍንጭ መምረጡ ስለሆነ፣ የዛሬው ማብራሪያችን በእሱ ላይ ያተኩራል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«የተወለዱት በ1685 ነው» ብለን እንጀምር። የቸኮለ ሰው ወዲያው «ባኽ!» ይላል፤ ይሁንና በዚያው ዓመት ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ በአይዘናኽ፣ ጆርጅ ፍሬድሪክ ሃንደል በሃለ፣ ዶሜኒኮ ስካርላቲ ደግሞ በኔፕልስ ስለተወለዱ ፍንጩ ሦስት ሰዎችን ያስቀራል። «ትውልዳቸው ጀርመን ነው» ሲባል ስካርላቲ ይወጣሉ። ቀጥለን «በስተርጅና ዓይናቸውን ታመው፣ ጆን ቴይለር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ቀዶ ሕክምና አደረገላቸው» ብንል፣ የአንድ ሰው ብቻ ታሪክ ይመስላል፤ ሆኖም ይኸው ሐኪም ሁለቱንም አክሟል፣ ሁለቱንም አላዳነም። በእኔ ግምት ከሁሉም የሚጣፍጠው ፍንጭ ይህ ነው፤ እውነት ሆኖ ሳለ «አገኘሁት» ያለውን ሰው ያንገዳግደዋልና። «ኦፔራ ጽፈው አያውቁም» የሚለው ግን ነገሩን ይቋጨዋል፦ ሃንደል ሎንዶን ላይ ስማቸውን የተከሉት በኦፔራ ስለሆነ መልሱ ባኽ ነው።

እንዲህ ያለው የሕይወት ታሪክ የሚጠቅመው ያነበበውን ሰው ነው። ጆሮን ለመፈተን ከፈለጋችሁ ሙዚቃውን ራሱን አሰሙ።

[ድምፅ፦ የአንድ የአውታር ኳርቴት (ለሁለት ቫዮሊን፣ ለአንድ ቫዮላና ለአንድ ቼሎ የተጻፈ ሥራ) መክፈቻ]

ቫዮሊኖቹ በስሱ ሲርገበገቡ፣ ቼሎው አንድ ድምፅ ይዞ ሲቆይ፣ ዜማውን የምታነሣው ከቫዮሊን ጥቂት የምትተልቀው ቫዮላ ናት። ዜማው ከአምስት ድምፆች የተሠራ ሲሆን፣ ድምፆቹ ከትዝታ ሜጀር ጋር ይገጥማሉ። ባቲንና አምባሰልን በቅኝትነትም በአገርነትም የሚያውቅ አድማጭ ይህን ለመለየት መምህር አያስፈልገውም። ችግሩ፣ አምስት ድምፅ መስማት ብቻውን ደራሲውን አይናገርም። ፈረንሳዊው ደራሲ ክሎድ ደቡሲም በ1889 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የጃቫን ጋሜላን (በአብዛኛው የነሐስ ደወሎች እየተመቱ የሚጫወቱበት የኢንዶኔዥያ ባህላዊ የሙዚቃ ጓድ) ከሰሙ በኋላ፣ በ1903 በጻፉት «ፓጎዶች» የተሰኘ የፒያኖ ሥራ አምስት ድምፆችን ተጠቅመዋል። ስለዚህ አድማጩ ድምፆቹን ቆጥሮ ከማቆም ይልቅ ደራሲው ምን እንዳደረጉባቸው ይከታተል። ደቡሲ ዘንድ ከታች እንደ ደወል የሚያስተጋባ ወፍራም ድምፅ ይዘልቃል፤ ከላዩ ቀጫጭን ዜማዎች ይደራረባሉ። እዚህ ግን ዜማው ከቫዮላ ወደ አንደኛው ቫዮሊን ጥርት ብሎ ይተላለፋል። ደራሲው በወጣትነታቸው በኦርኬስትራ ቫዮላ ይጫወቱ እንደነበር የሚያውቅ ሰው፣ መክፈቻውን ለቫዮላ መስጠታቸውን ራሱን እንደ ፍንጭ ይወስደዋል። መልሱ ቼካዊው ደራሲ አንቶኒን ድቮርዣክ ነው፤ ሥራውም በሰኔ 1893 በአሜሪካ አይዋ፣ ስፒልቪል በተባለች መንደር የጻፉት «አሜሪካዊው» ኳርቴት ነው።

[ምስል፦ አንዲት ፒያኖ]

ጠያቂው ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ በአማርኛ «ተወለደች» ብሎ የጀመረ ሰው ግማሹን ምስጢር አውጥቷል። ፍንጭ ሁሉ በአንቱታ ይነገር። «በ1923 ተወለዱ፤ በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተማሩ፤ በኋላም ካይሮ ላይ ከፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ ስማቸው የሚነሣው ግን በፒያኖ ሥራዎቻቸው ነው» ሲባል፣ አብዛኛው ተጫዋች ፊቱን ወደ አውሮፓ ያዞራል። የሚፈለጉት ደራሲ ወንድ ሲመስሉት፣ መልሱ በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሆነው ይገኛሉ። እማሆይ እዚሁ አምባሰል፣ በግሸን ማርያም ገዳም ዐሥር ዓመት ያህል ኖረዋል፤ በመሆኑም ደሴ ላይ «ግሸን» ያለ ጠያቂ ጨዋታውን በአንድ ቃል ጨርሶታል። ተጫዋቾቹ ከቪየና የመጡ ቢሆኑ ግን ይኸው ፍንጭ መጀመሪያ ላይ ቢሰጥም ምንም አያጋልጥም።