ምሳ ዕቃው ውስጥ ምን ገባ? ምንስ ወጣ?

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዛሬ የምንነጋገረው ልጆች በምሳ ዕቃ ይዘው ስለሚመጡት ነገር ነው፦ ብስኩት፣ ቺፕስ፣ ኢንዶሚ፣ ጁስ እየተባለ ስለሚሸጠው ባለቀለም መጠጥ። መርዝ ነው ብለን ልናስፈራራችሁ አልመጣንም። የጠዋቱን ጥድፊያና የሰርቪሱን ጡሩምባ እናውቀዋለን። የምንጠይቀው ግን ይህን ነው፤ ብስኩቱ ሲገባ ከምሳ ዕቃው የወጣው ምንድን ነው?

የልጅ ሆድ ትንሽ ናት። ረፋድ ላይ አንድ እሽግ ብስኩት የበላ ልጅ እኩለ ቀን ላይ ምስሩን ሳይነካው ቤት ይመልሰዋል። ከምስሩ ጋር ብረቱ፣ ፕሮቲኑና አሰሩ (ፋይበሩ) አብረው ይመለሳሉ። ስለዚህ ብስኩቱ ከሚጨምረው ስኳር ባላነሰ፣ የሚያስቀረው ምስር ያሳስበናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው "የፋብሪካ ሁሉ መጥፎ፣ የቤት ሁሉ ጥሩ" ብሎ ሲከፍል ነው። እንጀራም እኮ ብዙ ሂደት ያለፈ ምግብ ነው፤ ጤፉ ይፈጫል፣ ይቦካል፣ ቀናት ቆይቶ ይጋገራል። መቡካቱ ብረትን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ነገር ስለሚቀንስ እንዲያውም ይጠቅማል። ብራዚላዊው የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ካርሎስ ሞንቴይሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረቡት፣ በኋላ ኖቫ የተባለው አመዳደብ ምግብን በአራት ይከፍላል። ጤፍ፣ ሽምብራ፣ እንቁላልና ወተት አንደኛው ናቸው። ዘይት፣ ቅቤ፣ ጨውና ስኳር ሁለተኛው። ከዱቄት፣ ከውሃ፣ ከእርሾና ከጨው የተጋገረ ዳቦ ወይም አይብ ሦስተኛው። አራተኛው እጅግ የተቀነባበረ የምንለው ነው፤ ከእህል ተነጥሎ የወጣ ስታርች፣ ስኳርና ዘይት ተቀላቅሎ፣ የቤት ጓዳ ውስጥ በማይገኝ ማጣፈጫ፣ ማቅለሚያና ማያያዣ ምግብ እንዲመስል የተደረገ።

በዚህ መለኪያ ተራው ፓስታ ዱቄትና ውሃ ነውና አራተኛው ውስጥ አይገባም። ኢንዶሚ ይገባል። ደረቁ ኑድል አብዛኛውን ጊዜ በፓልም ዘይት ተጠብሶ የደረቀ ነው፤ ከጨውም ብዙው ያለው በትንሿ የማጣፈጫ ከረጢት ውስጥ ነው። ከሠራችሁት ከረጢቱን ግማሽ ብቻ ጨምሩ፤ እንቁላልና የተከተፈ ጎመን አክሉበት።

"ስኳሩና ጨው ከተስተካከለ ምን ቸገረን?" የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን የሚመልስ ሙከራ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። 20 አዋቂዎች ተቋሙ ውስጥ እያደሩ ሁለት ሳምንት እጅግ የተቀነባበረ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ በሉ። የቀረበላቸው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና አሰር በሁለቱም እኩል ነበር፤ እስኪጠግቡ እንዲበሉም ተፈቅዶላቸዋል። በተቀነባበረው ጊዜ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ አብልጠው በሉ፤ 0.9 ኪሎ ጨመሩ። በሌላው ያንኑ ያህል ቀነሱ። የሚያስገርመው፣ የተቀነባበረው ምግብ አሰር ስላነሰው ተመራማሪዎቹ አሰሩን መጠጥ ውስጥ በጥብጠው ለማመጣጠን ተገደዋል! ሰዎቹ ያንን ምግብ ሲበሉ ይፈጥኑም ነበር። ለስላሳ ነው፣ ብዙ አይታኘክም፤ የጥጋቡ ስሜት ሳይደርስ ሳህኑ ያልቃል። ቆሎን እንደዚያ መዋጥ አይቻልም።

አሁን ወደ ማሸጊያው ጀርባ። የይዘት ዝርዝር የሚጻፈው ከክብደቱ ቅደም ተከተል አንጻር ነው፤ የበዛው ይቀድማል። ስኳር በአንደኝነት እንዳይታይ በብዙ ስም ይበተናል፦ ስኳር፣ ግሉኮስ ሽሮፕ፣ ፍሩክቶስ፣ ዴክስትሮስ። ደምሯቸው። ሶዲየም የሚል ካያችሁ በ2.5 አባዙት፤ 800 ሚሊ ግራም ሶዲየም 2 ግራም ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ለልጅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር ይይዛል፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ ተኩል ማለት ነው። በቀን 1,600 ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ የተጨመረ ስኳር ጣሪያው 40 ግራም ነው። አንዷ ጠርሙስ ሦስት አራተኛውን ወሰደች።

የሾርባ ኩብም አለ። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ጨው ነው። ሽሮው ላይ ኩቡን ጨምሮ ጨውም እንደ ወትሮው የሚነሰንስ ሰው ሁለት ጊዜ ጨመረ።

ታዲያ ምን እንቋጠር? ለመክሰስ አንድ እፍኝ የገብስና የሽምብራ ቆሎ ከሙዝ ጋር፣ የተቀቀለ ድንች ወይም ስኳር ድንች፣ ዳቦ በእንቁላል። ዕድሜው ከአምስት በታች ለሆነ ልጅ ግን ቆሎም ሆነ ሙሉ ለውዝ አትስጡ፤ ትንታ ይዞ ሊያንቀው ይችላል። ለእሱ በሶ ጭብጦ ይሻላል፤ በሶውን በውሃና በጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ አሽታችሁ፣ ጨው ቁንጥር አድርጋችሁ፣ ለስለስ አድርጋችሁ ጨብጡት።

ምሳው ሳይበላ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ስለረጠበ ወይም ስለሸተተ ነው። ፍርፍር ትኩስ እንዳለ ከተከደነ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ይመለስበታል። ለብ እንዳለ ሰዓታት የቆየ ምግብ ደግሞ ለጀርም የተመቸ ነው። ሙቀት የሚይዝ ምሳ ዕቃ ካላችሁ የፈላ ውሃ ሞልታችሁ አሥር ደቂቃ አቆዩት፤ ውሃውን ደፍታችሁ የሚንተከተከውን ወጥ አፍሱበትና ወዲያው ክደኑት። ተራ ፕላስቲክ ከሆነ ፍርፍሩን ደረቅ አድርጋችሁ ሥሩ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ክደኑ፤ እንቁላልና ሥጋ ለሙቀት ቀን አይሁን።

ጾም ሲገባ ይህ ነገር ይብሳል። "የጾም" የሚል ብስኩትና ኬክ ይበዛል። ጽሑፉ የሚነግራችሁ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አለመኖሩን ብቻ ነው፤ ስለ ስኳሩ ምንም አይልም። የጾሙ ማዕድ ግን ሽሮ፣ ክክ፣ ምስርና ጎመን ይዞ ከማንም ምክር በፊት የተሟላ ነበር።

ንግግሩ እዚህ ላይ ይብቃ። ከፊታችሁ ጠረጴዛ ላይ የተለያዩ ማሸጊያዎች አሉ። እያንዳንዳችሁ አንድ አንሱ፣ ጀርባውን አዙሩና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ስሞች ጮክ ብላችሁ አንብቡልን። ከፊተኛው ረድፍ እንጀምር።