ሰኞ ገዢ፣ ማክሰኞ ድንበር ገፊ፦ ቻይናና አሴአን

ሰላም ወገኖቼ፣ አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። ሁሉንም ብያለሁ፤ ወሎ ነው ያለነው። የማወራችሁ ከደሴ ነው፤ ቡናው ከጎኔ፣ መብራቱም ለጊዜው አለ። ሳይሄድብኝ ልጀምር።

ዛሬ ስለ ቻይናና ስለ አሴአን ነው። አሴአን! እስያ አላልኩም። ባለፈው ስጠራው ግማሹ ሰው "ጃፓንስ? ህንድስ?" አለኝ። የሉበትም። ቻይናም ራሷ የለችበትም። የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ባንኮክ ላይ በ5 አገሮች ተጀመረ፣ ዛሬ 11 ናቸው፣ የመጨረሻዋ ቲሞር ሌስቴ በ2025 ገባች። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ "7 ቀንስ፣ 8 ቀንስ" እያላችሁ ራሳችሁን አታድክሙ።

አሁን ወደ ባቲ ልውሰዳችሁ። ሰኞ ነው። የባቲን ሰኞ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ከቆላ ይወጣል፣ ደገኛው እህሉን ጭኖ ይወርዳል፣ አቧራው ሰማይ ይነካል። አጎቴ እዚያ ፍየል ይሸጥ ነበር። እኔ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ገመድ መያዝ ነው።

አንድ ሰኞ ሻጮቹ ገና በጠዋቱ ተማከሩ። "ዛሬ ከዚህ ዋጋ በታች ማንም እንዳይሸጥ!" ተማማሉ። ዋጋውን አልናገርም፤ አጎቴ ቪዲዮዎቼን ያያል። ረፋድ ላይ ትልቁ ነጋዴ በአይሱዙው መጣ። እሱ ካልገዛ ፍየሉ ወደ ቤት እንደሚመለስ ሁሉም ያውቃል። ሻጮቹ ተሰብስበው ቆሙ። እሱ ግን ወደ ስብስቡ ድርሽ አላለም። አንዱን ክንዱን ይዞ ፈንጠር አደረገው። የፍየሏን ወገብ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ፣ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ በሰውየው ጆሮ የሆነ ነገር አለ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው። ከዚያ ወደ ሦስተኛው። አንዱ ልጁ ታሞበታል፣ አንዱ ዕዳ አለበት፣ አንዱ ጭራሽ የነጋዴው አበልጅ ነው። ቀትር ላይ መሐላው የት እንደገባ እንጃ። አጎቴ ቀረ፣ እኔ ቀረሁ፣ ገመዱ ቀረ።

ቆዩ፣ አላለቀም! ይሄ ነጋዴ የአጎቴ ጎረቤትም ነው። መሬታቸው ይዋሰናል። ሰኞ ፍየሉን ይገዛዋል፣ ማክሰኞ የሱ አራሾች ድንበሩን አንድ ፈር ይገፋሉ። አንድ ፈር ብቻ። ለከርሞ ደግሞ ሌላ ፈር። አጎቴ ምን ያድርግ? ቢከሰው ፍየሉን ማን ይገዛዋል? ዝም ቢል መሬቱ አለቀ። ሰኞ ገዢ፣ ማክሰኞ ድንበር ገፊ፤ ሰውየው ግን አንድ ሰው ነው።

በቃ፣ ቪዲዮው ይሄ ነው። ሌላው ዝርዝር ነው፤ ቶሎ ቶሎ ልበለው።

[ካርታ]

ሰኞ። ቻይና ከ2009 ጀምሮ የአሴአን ትልቋ የንግድ ሸሪክ ናት። ከ2020 ወዲህ ደግሞ በተራው አሴአን ለቻይና አንደኛ ሆነ። የዓመቱ ንግድ 1 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ደርሷል። ነጻ የንግድ ቀጠናቸው በ2010 ሥራ ጀመረ፣ በ2022 አርሴፕ ተደረበበት፤ አርሴፕ አሴአንን፣ ቻይናንና ሌሎች የአካባቢውን አገሮች ያቀፈ ሰፊ የንግድ ስምምነት ነው፣ አልፌዋለሁ። ላኦስ በ2021 ከቻይና ድንበር እስከ ዋና ከተማዋ 422 ኪሎ ሜትር ባቡር ከፈተች፣ አብዛኛው በቻይና ገንዘብ። ኢንዶኔዥያም በ2023 ከጃካርታ ባንዱንግ ፈጣን ባቡር አስገባች። (የኛን የኮምቦልቻ ሐዲድ አታንሱብኝ። እሱን ደግሞ ቻይና አይደለም የሠራው፣ የቱርክ ኩባንያ ነው። ስንቴ ልናገር!) ዱሪያን የሚባል ፍሬም አለ፤ ሽታው ሲንጋፖር ባቡር ላይ ይዞ መግባት እስኪከለከል ድረስ ነው፣ ቻይናዎች ግን ሞተውለታል። የታይላንድና የቬትናም የዱሪያን ገበሬ በነሱ ገበያ ነው የሚኖረው። እንግዲህ እነዚህን ሰዎች "ከቻይና ጋር ተጣሉ" በሏቸው እስቲ።

ማክሰኞ። ደቡብ ቻይና ባሕር። ቻይና ካርታ ላይ 9 ሰረዝ አሥምራ አብዛኛውን ባሕር የኔ ነው ትላለች። መስመሩ የቬትናምን፣ የፊሊፒንስን፣ የማሌዥያንና የብሩናይን ደጅ ያልፋል፤ ኢንዶኔዥያንም ናቱና ደሴቶች አጠገብ ይነካካታል። ፊሊፒንስ በ2013 ከሰሰች። በ2016 ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኞች የ9 ሰረዙ የታሪክ መብት ሕጋዊ መሠረት የለውም ብለው ፈረዱ። ቻይና "አልቀበልም" አለች፣ አበቃ። ፈር መግፋቱም ቀጠለ።

ከሁሉ የምወዳት ያቺን የዛገች መርከብ ነው። ሲየራ ማድሬ ትባላለች። ፊሊፒንስ በ1999 አሮጌ የጦር መርከቧን ወስዳ ሆን ብላ ጥልቀት የሌለው የኮራል አለት ላይ አስቀመጠቻት፣ ወታደር አሰፈረችባት። መርከቧ ተበሳስታለች፣ ዝገቷ ይረግፋል፣ ግን አትነሳም። ስንቅ የሚያደርሱትን ጀልባዎች የቻይና የባሕር ጠባቂዎች ስንት ጊዜ በውሃ መድፍ ረጭተዋቸዋል። እኛ አገር ይቺ የድንበር ድንጋይ ናት! ልዩነቱ ይሄኛው ድንጋይ ወጥ ሠርቶ የሚበላ ሰው አለበት።

እዚህ ላይ ግን ማቆም አለብኝ፤ ባለፈው ሳምንት ስንቶቻችሁ ጻፋችሁልኝ መሰላችሁ፦ "ፊሊፒንስ ስትነካ ሌሎቹ ለምን አብረው አይነሱም? አሴአን እንደ ኔቶ አይደል?"

አይደለም። አይደለም! አንዱ ሲመታ ሁሉም ይነሳል የሚል ቃል አሴአን ውስጥ የለም። ፊሊፒንስ እንዲህ ያለ ውል ያላት ከአሜሪካ ጋር ነው፣ በ1951 የተፈረመ። አሴአን ላይ ደግሞ ነገር የሚያልቀው በመመካከርና በስምምነት ነው፤ ሁሉም "ይሁን" ካላለ የለም። የሰፈራችን እድር እንኳ ሲጨንቀው እጅ አስነስቶ ይቆጥራል፤ እነሱ አይቆጥሩም።

አሁን ራሳችሁን ላኦስ አድርጉ። ባሕር የላችሁም፣ እንደኛ። ባቡራችሁ ከቻይና ጋር ነው፣ ዕዳችሁም ከቻይና ጋር ነው። ስለሌላ ሰው ባሕር ለምን ትጣላላችሁ? በ2012 ሰብሳቢዋ ካምቦዲያ ነበረች። ፊሊፒንስና ቬትናም "የባሕሩ ጉዳይ መግለጫው ላይ ይግባ" አሉ፣ ካምቦዲያ "አይገባም" አለች፤ በ45 ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቹ ያለ የጋራ መግለጫ ተበተኑ። አበልጅየው ትዝ አላችሁ?

"ታዲያ ምን ይሠራል ይሄ ማኅበር?" የሚል አለ፤ ከሱ ጋር ግን አልስማማም። ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ማኅበሩ ሊመሠረት አንድ ዓመት እስኪቀረው ሲታኮሱ የነበሩ ናቸው። በድምፅ ብልጫ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ተበትነው ነበር። የሚያዳክማቸውም ያቆያቸውም ያው አንድ ደንብ ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው የማየው። ቻይናም ብትሆን ጨክና አትገፋቸውም፤ ከውጭ የምታስገባው አብዛኛው ነዳጅ በማላካ ወሽመጥ፣ በነኢንዶኔዥያና ማሌዥያ መካከል ባለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ነው የሚያልፍላት፣ ሁሉም ተጠቃለው አሜሪካ ጉያ እንዲገቡም አትፈልግም። ስለዚህ ታወራለች። በ2002 የባሕር ላይ ጠባይ መግለጫ ተፈራረሙ፤ ጠበቅ ያለው ደንብ ይውጣ ተባለ፤ ድርድሩ ዓመታት በላ። ስብሰባው ላይ ግን ምሳ ጥሩ ነው ይባላል። (ቀልድ ነው።)

አንድ ልጨምር። ቬትናም። በ2014 ቻይና የነዳጅ መቆፈሪያ አምጥታ ቬትናም የኔ የምትለው ባሕር ላይ ተከለች። መርከቦች ተጋጩ፣ ቬትናም ውስጥ ፋብሪካ ተቃጠለ፣ ቻይና ከሁለት ወር በላይ ቆይታ መቆፈሪያውን ነቀለች። በዚያው ጊዜ የቬትናም ትልቋ የንግድ ሸሪክ ማን ነበረች? ቻይና! ዛሬም እሷው ናት። ቬትናም በአንድ እጇ ትሸጥላታለች፣ በሌላ እጇ የያዘቻቸውን አለቶች አፈር እየሞላች ታሰፋለች።

የሜኮንግ ወንዝ ቀርቶብናል። ላይኛው ተፋሰስ ላይ ከ10 በላይ የቻይና ግድቦች አሉ፣ ታች ያሉት የአሴአን አገሮች ውሃ ይጠብቃሉ። እሱን የቆቦን መስኖና የውሃ አባቱን ይዤ በሚቀጥለው እመጣለሁ፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሏን ተጫኗት፣ ባቲ ያለ ዘመድ ካላችሁም ላኩለት።

አጎቴ? አልከሰሰም። በድንበሩ ላይ ቁልቋል ተከለ፣ ጥቅጥቅ አድርጎ። ነጋዴው አይቶ ምንም አላለም። ሰኞ ሲሆን አጎቴ ፍየሉን እየነዳ ወደ ባቲ ወረደ፤ የሸጠውም ለዚያው ሰው ነው።