አስቸጋሪ ተጫዋች ሲመጣ ምን እንጻፍለት?

ለትምህርት ቤት ድራማ ክበባት አስተባባሪዎች ደብረ ማርቆስ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ የድራማና የሚኒ ሚዲያ ክበባት አስተባባሪዎች፣ ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከደጀን፣ ከፍኖተ ሰላምና ከባሕር ዳር ድረስ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ?

በልጅነታችን እሳት ዳር ተቀምጠን እንቆቅልሽ ስንጫወት አንድ የማይቀር ልጅ ነበር። «እንቆቅልህ» ይላል፤ «ምን አውቅልህ» እንላለን። መልሱን ስናውቅበት «አይደለም» ብሎ እዚያው ይለውጠዋል። እኛ አቅቶን «አገር ስጠኝ» ሲል ደግሞ የሰጠነውን አገር ሁሉ ይንቃል፤ ጎንደር አይበቃውም፣ ሸዋ አይበቃውም። አያቴ ያንን ልጅ ከእሳቱ ዳር አስነሥታው አታውቅም። «በል አንተ ዛሬ ዳኛ ሁን» ትለው ነበር። ዳኛ በሆነ ማግስት ከሁላችንም ይልቅ ለሕጉ ተቆርቋሪ ሆኖ ያርፈዋል። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ልጅ ነው። አድጎ፣ ጺም አብቅሎ፣ እኛ ወደምናዘጋጀው የሚና ጨዋታ መጥቷል።

የሚና ጨዋታ ስል ቲያትር ማለቴ አይደለም። መድረክ የለም፣ ተመልካች የለም፣ በቃል የሚጠና ተውኔት የለም። ለእያንዳንዱ ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግና ከማን ጋር እንደተጣላ የሚነግር ወረቀት ይሰጠዋል፤ የቀረውን ሁሉ እዚያው እየኖረ ይፈጥረዋል። በውጭ አገር ላርፕ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1982 እንግሊዝ አገር ቼሸር ውስጥ የፔክፎርተን ግንብ የዚህ ጨዋታ ሜዳ ሆኖ ነበር፤ በ1997 ደግሞ ኦስሎ ላይ ክኑተፑንክት የተባለው የአዘጋጆች ጉባኤ ተጀመረ፤ ዛሬም በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በዴንማርክና በፊንላንድ በየተራ ይካሄዳል። እኛ ዘንድ ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ እቃቃ ተጫውቶ ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል።

የመጀመሪያ ጨዋታዬን የጻፍሁት በአውጫጭኝ ላይ ነው። አባቶቻችን ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠልና አጥፊው ሲጠፋ፣ ያገሩን ሰው ሰብስበው ሌባው ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ያደርጉ ነበር። ለሚና ጨዋታ ከዚህ የተሻለ አጥር ከወዴት ይመጣል? የአንዲት መበለት በሬ ጠፍቷል፤ ሀያ አራት ሰው ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጧል፤ ሁሉም የሚደብቀው ነገር አለው። ጽፌ ስጨርስ ደስታዬ ወደር አልነበረውም።

ጨዋታው በተጀመረ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ብድግ አሉ። በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ ሰው ናቸው፤ ንግግራቸው ሰምና ወርቅ ነው። ጋቢያቸውን አጣፉና እንደ ድሮው ችሎት ተሟጋች «በላ ልበልሃ!» ብለው ጀመሩ። ዋስ ጠሩ፣ እማኝ ጠሩ፣ የሽማግሌዎቹን አመራረጥ ተቃወሙ፣ እኔ የጻፍሁትን ሕግ አንቀጽ በአንቀጽ አፈረሱት። አርባ ደቂቃ ተናገሩ። እውነቱን ልናገርና ንግግራቸው ከእኔ ጽሑፍ ይበልጥ ያማረ ነበር። ነገር ግን የቀሩት ሀያ ሦስት ተጫዋቾች ሳያስቡት ታዳሚ ሆነው ቀሩ። ከመካከላቸው አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የሌባውን ስም የምታውቀው ምስክር እሷ ነበረች፤ ወረቀቷን በእጇ እንደጨበጠች አንድ ቃል ሳትተነፍስ ጨዋታው አለቀ። በሬው አልተገኘም።

ያን ቀን ማታ በመምህሩ ተናድጄ ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ ሌላውን አላስናገሩም» ብዬ ልነግራቸው ወስኜ አደርሁ። ጠዋት ላይ ወረቀቴን መልሼ ሳነበው ግን ንዴቴ ወደ ራሴ ዞረ። እኔ የጻፍሁት ጨዋታ ደፍሮ ለተናገረ ሁሉንም ነገር የሚሰጥ፣ ዝም ላለ ምንም የማይሰጥ ነበር። መናገር ዋጋ አያስከፍልም። በእኛ አገር፣ ሙግት እንደ ዘፈን በሚደመጥበት በጎጃም፣ ነፃ የሙግት ሜዳ ዘርግቼ ሰው ለምን ተሟገተ ማለት አይቻለኝም።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከዚያው ከድሮው ችሎት ነው። የጥንት ተሟጋች እንዲያው አይናገርም ነበር፤ ይወራረዳል። በማር ይወራረዳል፣ በበቅሎ ይወራረዳል፤ ከተረታ ያስያዘው ይሄዳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት ፍሬ በቆሎ ሰጠሁ። በአደባባይ ክስ ወይም መቃወሚያ የሚያቀርብ ሰው አንድ ፍሬ ያስይዛል፤ ሽማግሌዎቹ ነገሩን ከንቱ ካሉት ፍሬው ለተከሳሹ ይሰጣል። ፍሬው ያለቀበት ሰው በአደባባይ መክሰስ አይችልም፤ በየጥጉ መምከርና መወዳጀት ግን ይችላል። መምህሩ ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ሦስቱን ፍሬ በመዳፋቸው ይዘው አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ ድመት አድፍጠው ቆዩና አንዷን ፍሬ ባስያዙ ጊዜ አደባባዩ ጸጥ አለ። ዋጋ ያለው ቃል ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው።

ለዝምተኞቹም መላው ከአውጫጭኙ ወጣ። ያየውን በአደባባይ መናገር የፈራ ሰው ለሽማግሌዎቹ በስውር ሹክ የሚልበት መንገድ ነበረ፤ ወሬውም የወፍ ወሬ ሆኖ ይቀርባል እንጂ የተናጋሪው ስም አይነሣም። ይህንን ወደ ጨዋታው አገባሁት። ያቺ ተማሪ በሁለተኛው ጊዜ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሦስት ጊዜ ተንሾካሾከች፤ በሬው ተገኘ። ስለ ዝምተኛ ተጫዋች አጥብቄ የምናገረው አስቸጋሪ ተብሎ ስለማይቆጠር ነው። የሚጮኸውን እናያለን፣ እንማረርበታለን፣ ደንብ እናወጣለታለን። ዝም ያለው ግን ተሰላችቶ ይሄዳል፤ ተመልሶም አይመጣም።

ሁለተኛው ችግር መሸነፍ ነው። ስለ እምባቦ ጦርነት አንድ ጨዋታ አዘጋጅቼ ነበር። እንደምታውቁት በ1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ እምባቦ ላይ ተዋግተው ንጉሣችን ተማረኩ። ጨዋታው እስከ ምርኮው ድረስ እንዲሄድ አድርጌ ጻፍሁት። የጎጃምን ጦር መሪ ሚና የያዘ አንድ ብርቱ ወጣት ግን ሰዓቱ ሲደርስ «እጅ አልሰጥም» አለ። «ወንድሜ፣ ታሪኩ እኮ እንዲህ ነው» ብዬ ብነግረው «ያኔ ነው እንጂ ዛሬ አይደለም!» ብሎ የእንጨት ጎራዴውን አነሣ። የአንዱ ተጫዋች ትከሻ አበጠ። ጨዋታው በዚያው ተቋረጠ።

ሰው መሸነፍን የሚጠላው ክፉ ስለሆነ አይደለም። በተለይ የአያቱን አገር ስም ተሸክሞ ሲቆም መሸነፍ ይከብደዋል። የእኔ ጥፋት ማሸነፍ ይቻላል የሚል ተስፋ ሰጥቼው መጨረሻ ላይ መንጠቄ ነበር። አሁን ያ ጨዋታ የሚጀምረው ጦርነቱ ባለቀበት ምሽት ነው። የወረቀቱ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «ተሸንፈናል፤ ንጉሡ ተማርከዋል» ይላል። የቀረው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ቁስለኛውን ማን ይሸከማል? ለእናቱ መርዶ ማን ይወስዳል? ማራኪው ከምርኮኛው ጋር እንጀራ ይቆርሳል ወይስ አይቆርስም? ያንኑ ወጣት በምርኮኛ ሚና አስቀመጥሁት። ለሟች ጓደኛው ሙሾ ሲያወርድ የሸዋን ሚና የያዙት ሁሉ አለቀሱ።

እስካሁን የነገርኋችሁ ጽሑፍ በማሻሻል የሚድን ችግር ነው። የማይድንም አለ።

ሁለት ሰዎችን ከሳሽና ተከሳሽ አድርጌ መደብሁ። ቤተሰቦቻቸው ከጨዋታው ውጭ በእርሻ ድንበር እንደሚካሰሱ አላወቅሁም ነበር። አንደኛው ሚናውን ተገን አድርጎ በሌላኛው እናት ላይ መናገር የማይገባውን ተናገረ። ስጠይቀው «እኔ እኮ አይደለሁም፤ ሚናዬ ነው» አለኝ። የኖርዌይ ላርፕ ተጫዋቾች ሁለት ቃላት አሏቸው፤ አንዱ ሁሉን የሚያቆም፣ ሌላው የሚያበርድ። እኔም «ቁም» እና «ረጋ» እላቸዋለሁ። ያን ቀን «ቁም» ብዬ ጮኽሁ፤ ሰውየውንም ከጨዋታው አስወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ስንገናኝ ፊቱን ያዞራል፤ ያሳዝነኛል። ዳግመኛ ቢመጣብኝ ግን ያንኑ አደርጋለሁ፤ የተሰደበው ልጅ ፊት ዛሬም አይጠፋብኝም። ሚና ጭምብል ነው፤ ከጭምብሉ ኋላ ሆኖ እውነተኛ ድንጋይ የሚወረውርን ሰው በበቆሎ ፍሬ አንመልሰውም። ከዚያ ወዲህ በጨዋታዬ ውስጥ የደም ጉዳይ አላስገባም፤ በሕይወት ያለ ሰው ዘርና ስምም አላነሣም።

አንድ ነገር በአጭሩ ልጨምር። የታሪኩን ቁልፍ በአንድ ሰው ላይ አታንጠልጥሉ። ለቅሶ ይኖራል፣ አጨዳ ይኖራል፣ መኪና ይበላሻል። ተጫዋቹ ለቅሶ ሄዶ ቢቀር ልክ ነው፤ ጥፋቱ አንድ ሰው ሲጎድል እንዲፈርስ አድርጎ የጻፈው የእኛ ነው። የሚና ወረቀትም ከግማሽ ገጽ አይብለጥ፤ የሚቀረው አይነበብም።

ከምሳ በኋላ በግቢው ባሕር ዛፍ ሥር አውጫጭኙን አብረን እንጫወታለን። የምዝገባው ወረቀት በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከጀርባው ከማን ጋር በባላጋራነት መቆም እንደማትፈልጉ የምትጽፉበት ባዶ ቦታ አለ፤ ከእኔ በቀር ማንም አያነበውም፤ ሳትሞሉት እንዳትመልሱልኝ። ሚና የምደለድለው እሱን አንብቤ ነው። በቆሎው እኔ ዘንድ አለ።

አመሰግናለሁ።